«ተዘግቷል» ያለው ገጽ

ጥር 6

ለእኔ ቦቢን፣

እንደምን ሰነበትሽ? ብርዱስ እንዴት ይዞሻል? እኛ ደህና ነን፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ባየች ቁጥር ታኮርፋለች። ፈጣሪ ከክፉ ዓይንና ከክፉ አለቃ ይጠብቅሽ፤ ያሰብሽው ሁሉ ይሙላልሽ።

ወደ ነገሬ ልግባ። ትልቁ መንገድ ዳር የነበረው ሱቅ ከፈረሰ ወዲህ የስፌት መኪና የምጠግነው ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። መስኮቱ ሰፊ ነው፤ ብርሃኑ መርፌ ለማየት ይበቃል፤ የዳቦው ሽታ በነጻ ነው። የጠፋው ሰው ብቻ ነው! መኪና ተሸክሞ ሦስተኛ ፎቅ የሚወጣ ሰው መጀመሪያ መኖሬን ማወቅ አለበት እኮ።

ባለፈው ሰሞን ያቺ የሙሽራ ቀሚስ ሰፊዋ መንገድ ላይ አየችኝና በድንጋጤ ቦርሳዋን ጣለች። «እንዴ! አሉ እንዴ?» አለችኝ። «የት ልሄድ ኖሯል?» ስላት፣ «ኢንተርኔት ላይ ተዘግቷል ይላል፤ እኛማ…» አለችና ቀሪውን ዋጠችው። ምን ልትል እንደነበረ ገብቶኛል። በቁሜ ቀብረውኛል!

ለመሆኑ አንቺ የሠራሽልኝ ድረ ገጽ የት ገባ? ውሃ በላው? በእሱ ምክንያት ስልክ የደወለልኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም የማርሽ ሳጥኑ እንደተበላሸ ነገረኝ። የትኛው የስፌት መኪና ላይ ነው ማርሽ ሳጥን ያለው ብዬ ስከራከረው ቆይቼ ለካ ሰውየው ሹፌር ኖሯል።

ልጄ ደግሞ «ይብቃህ፣ ዝጋውና እኛ ጋ ና፤ ቴሌቪዥን እያየህ ተቀመጥ» እያለች ነዘነዘችኝ። አፏን ለማዘጋት ብዬ፣ እስከ ሰኔ ማለቂያ የሚያኖረኝ ሥራ ካልመጣ እዘጋለሁ አልኳት። ቃሌን ደግሞ ታውቂዋለሽ፤ ካወጣሁት አልመልሰውም። እኔ ግን ተቀምጬ መዋል አልችልበትም። የዕረፍት ቀን እንኳ ሲመሽ ነው ደስ የሚለኝ። እባክሽ አንድ ነገር አድርጊ።

አጎትሽ ባለመኪናው


ጥር 15

ውድ ጋሼ ባለመኪናው፣

ለጤናህ እንደምን አለህልኝ? ጉልበትህን ሳምኩልህ እንበል፤ ሌላ የምልክልህ መድኃኒት የለኝም። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ደብዳቤህን ቢሮ ውስጥ ነው ያነበብኩት። ማርሽ ሳጥኑ ጋ ስደርስ ሳቄ አመለጠኝና አጠገቤ ያለችው ልጅ ምን ነካት ብላ ዞረች። የእኔ ሥራ ቀኑን ሙሉ ይኸው እንደሆነ ታውቃለህ፤ የትናንሽ ሱቆችን ድረ ገጽ ከተቀበሩበት ማውጣት። የራሴን አጎት ተቀብሮ ማግኘቴ ግን አሳፈረኝ። ፈለግኩህ። ፍለጋው ካወጣልኝ ዝርዝር አራተኛው ገጽ ላይ፣ ከጋራዦች መሃል ተወሽቀህ አገኘሁህ! ሰው ሁሉ «ባለመኪናው» ስለሚልህ እኔም ከላይ በትልቁ «የባለመኪናው ጥገና» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ኢንተርኔት ደግሞ መኪና ሲባል ጎማ ያለው ነው የሚመስለው። እሱን አስተካክያለሁ።

ግን ስም ማስተካከል ብቻ አይበቃም። ነገሩ እንዲህ ነው። አንተ አዲስ ሰፈር ሄደህ ጥሩ ሐኪም ብትፈልግ ምን ታደርጋለህ? ባለሱቁን ትጠይቃለህ፣ ፋርማሲዋን ትጠይቃለህ፣ ሁለት ሦስት የታመኑ ሰዎች ያንኑ ስም ካነሱልህ ትሄዳለህ። ኢንተርኔትም እንደዚሁ ነው። ስለ ስፌት የሚያውቁ ድረ ገጾች የአንተን ካነሱና ሰው ሲነካው ወደ አንተ የሚወስድ መንገድ ካስቀመጡ፣ ወደ ላይ ያወጣሃል። ያ መንገድ ሊንክ ይባላል። አንተ እስካሁን አንድም የለህም። ስለዚህ የስፌት ትምህርት ቤቱን፣ የጨርቅ መደብሩን፣ የሙሽራ ቀሚስ ሰፊዋን ጠይቅልኝ፤ ሁሉም ድረ ገጽ አላቸው። ሊንኩን ደግሞ «የስፌት መኪና ጥገና» የሚለው ቃል ላይ ያድርጉት። ከዚያ ከጋራዥ እንወጣለን።

«ተዘግቷል» የሚለው አንድ አሮጌ ገጽ ነው፤ እሱን አታስብበት።

እዚህ ቢሮ ሁሉም ነገር ድምፅ የለውም። አንዳንዴ ጠረጴዛዬ ሥር እግሬን ስዘረጋ የአንተ ጠረጴዛ ሥር ያለሁ ይመስለኛል። የመኪናው ዘይት ሽታ፣ እላዬ ላይ የሚወድቀው የክር ብጣሽ፣ የታችኛውን ክር የምትይዘዋ ቦቢን ተንከባልላ ስትመጣ እየሮጥኩ ስይዛት። አንተና አባዬ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጣችሁ… ኧረ ተወው፤ ሆዴ ባባ።

የአንተው ቦቢን


የካቲት 4

ለቦቢን፣

ሰላምሽ ይብዛ። ያልሽኝን ፈጽሜያለሁ፤ ምርቃትም ይገባኛል።

እውነቱን ልንገርሽና መጀመሪያ ላይ ቅር ብሎኝ ነበር። በዚህ ዕድሜዬ «እባካችሁ ስሜን አንሱልኝ» እያልኩ በሰው ደጅ ልዙር? አላደርገውም ብዬ ሁለት ሳምንት ተኮፍሼ ተቀመጥኩ። መሃል ላይ አንድ ሰው ደወለና «በሳምንት ውስጥ መቶ ሊንክ እሸጥልዎታለሁ» አለኝ። «ታውቀኛለህ?» አልኩት። «አይ፣ ግን…» «እኔም አላውቅህ፣ አንተም አታውቀኝ፣ ምን ብለህ ልታነሳኝ ነው?» ብዬ ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ከዚያ ይሻለኛል ብዬ የሚያውቁኝ ሰዎች ጋ ሄድኩ።

የስፌት ትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ገና ሲያየኝ ከወንበሩ ተነሳ። «ያስፈለገኝ አንድ ሊንክ ነው» አልኩት። እሱም እንደ እኔው ግራ ገባው። ተመካከርንና በመጨረሻ ጸሐፊዋን ጠርቶ አስጻፈልኝ፤ ፈረመ፤ ክብ ማህተም አሳረፈበት። የጨርቅ መደብሩ ባለቤትም እንደዚያው። ቀሚስ ሰፊዋ ማህተም ስለሌላት የአዝራር ማተሚያዋን ቀለም ነክራ ረገጠችበት። ሦስቱንም ፎቶ አንስቼ ልኬልሻለሁ። «ግለሰቡ የስፌት መኪና በመጠገን በሚገባ የሚታወቁ ስለሆኑ አስፈላጊው ትብብር ሁሉ እንዲደረግላቸው» ይላል። ለኢንተርኔቱ አስገቢልኝ። ዋናውን ከፈለጉ እኔ ጋ አለ።

አሮጌ ገጽ ያልሽው ደግሞ የማን ነው?

አጎትሽ


የካቲት 11

ጋሼ የእኔ ጌታ፣

እንዴት ነህ? እኔ በሳቅ ሞቼ ልነሳ ነው። ኢንተርኔት በማህተም የሚሠራ ቢሆን ኖሮ አንተ ዛሬ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ሁሉ በላይ ነበርክ!

ግን ቆይ፣ አትናደድ። ደብዳቤዎቹ ጠቅመውኛል። ደብዳቤዎቹ ላይ አድራሻቸው ስላለ ለሦስቱም ጻፍኩላቸው፤ ያንኑ ቃል ገጻቸው ላይ አድርጉልን፣ ሊንክ ማለት እሱ ነው አልኳቸው። ዳይሬክተሩ በማግስቱ መለሰልኝ፤ «ታዲያ ለምን እንዲህ አላሉንም?» ይላል። ትምህርት ቤቱ ለተማሪዎቹ በሚያስነብበው ገጽ ላይ አስገብቶሃል። የጨርቅ መደብሩም አስገብቶሃል። ቀሚስ ሰፊዋ እንዲያውም አንድ አሮጌ መኪናዋን እንዴት እንዳዳንክላት ረጅም ነገር ጽፋለች፤ አንብቤ ዕንባዬ መጣ። እነዚህ የሚያውቁህ ሦስት ሰዎች ያ ሻጭ ሊያመጣልህ ከነበረው መቶ ይበልጣሉ፤ የእሱን ብትገዛ ኖሮ ኢንተርኔቱ እንደ ማጭበርበር ቆጥሮ ጭራሹኑ ያጠፋህ ነበር። ደግ አደረግክ።

ከአራተኛው ገጽ ወደ ሁለተኛው መጥተሃል። ከጋራዥም ወጥተሃል። በርታልኝ።

ቦቢንህ


መጋቢት 8

ለቦቢን፣

ጤና ይስጥልኝ። ሰዎች መምጣት ጀምረዋል። ትናንት አንዲት ሰፊ መኪናዋን በልጇ አሸክማ እያለከለከች ደረሰች። «ከትምህርት ቤቱ ገጽ ላይ አግኝቼዎት ነው» አለችኝ። መዘውሩን የሚያዞረው ቺንጋ ተበጥሶ ነበር፤ እሷ ቆማ እያየች ቀየርኩላት። እጄ እንዴት ደስ እንዳላት አትጠይቂኝ።

ግን እሷ ራሷ «ሌላው ገጽ ተዘግቷል ስለሚል መሃል መንገድ ላይ ልመለስ ነበር» አለች። ስንቱ ነው የተመለሰው? የጠየቅኩሽን ጥያቄ ዘለልሽው። አንቺ ነገር የምትዘልዪው ሲጨንቅሽ ነው፤ ከልጅነትሽ አውቅሻለሁ። ጠረጴዛ ሥር ገብተሽ ዝም ስትዪ አንድ ነገር ሰብረሻል ማለት ነበር። ገጹ የማን ነው?

ልጄ ትልቁን ክፍል ቀለም አስቀብታልኛለች። ሰኔ እየመጣ ነው።

አጎትሽ


ሚያዝያ 20

ውድ ጋሼ፣

ስለ መዘግየቴ ይቅር በለኝ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ደመሰስኩት። ጤናህን ይስጥልኝ፤ ተቀምጠህ አንብበው።

ገጹ የአባዬ ነው።

አንተና እሱ አብራችሁ ስትሠሩ የነበረው ድረ ገጽ እኮ አንድ ነበር። ስትለያዩ እሱ ጋ ቀረ። ባለፉት ዓመታት ስለ ሁለታችሁ የጻፈ ሁሉ፣ ጋዜጣውም፣ የሰፊዎች ማኅበሩም፣ የድሮ ደንበኞቻችሁም፣ ሊንካቸው የሚወስደው እዚያ ነው። ስለዚህ ሰው የስፌት መኪና ጥገና ብሎ ሲፈልግ ከሁሉ በላይ የሚመጣው የአባዬ ገጽ ነው። እዚያ ላይ አሁን የሚሸጣቸው አዳዲስ መኪኖች አሉ፤ ከሥሩ ደግሞ «የጥገና ክፍሉ ተዘግቷል» ይላል። እሱ የራሱን ሱቅ ማለቱ ነው፤ በክፋት እንዳይመስልህ። ሰው ግን አንተን ነው የሚያነበው።

እዚያ ገጽ ላይ ወደ አንተ የሚወስድ አንድ መስመር ቢኖር፣ ያ ሁሉ የድሮ ሊንክ በእሱ በኩል ወደ አንተ ይመጣል። ሌላ ሃምሳ ደጅ ብንዞር ያንን አናገኝም። አባዬን ጠየቅኩት። «እሱ ራሱ መጥቶ ይንገረኝ» አለኝ።

መሃላችሁ ልገባ ፈልጌ አይደለም ጋሼ። ግን ሁለታችሁንም እወዳችኋለሁ፤ ምን ላድርግ?

ቦቢን


ግንቦት 3

ለቦቢን፣

አልሄድም።

አባትሽ ያደረገኝን አታውቂም፤ ያኔ ገና ልጅ ነበርሽ። አንዲት ባል የሞተባት ሰፊ ነበረች፤ ያላት አንድ መኪና ነው። እኔ ይድናል አልኳት። በተሰበረው ፈንታ የሚገባለትን የብረት ጥርስ ፍለጋ ከተማውን ሙሉ ቀን አካለልኩ፤ ከአንድ አሮጌ ብረት ሻጭ ክምር ውስጥ አገኘሁት። ደስ ብሎኝ ስመለስ ሴትዮዋ የለችም። «አዲስ ሸጥኩላት» አለኝ አባትሽ። «ያንተን ስትጠብቅ ልጆቿ ምን ይብሉ?» እኔ ጥርሱን በእጄ ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ሥራዬን ከእጄ ነጠቀኝ፤ በደንበኛ ፊት ውሸታም አደረገኝ።

መሣሪያዎቼን በዘይት ጨርቅ መጠቅለል ጀምሬያለሁ። ይኸው ነው።

አጎትሽ


ግንቦት 17

ጋሼ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ሂድ አልልህም፤ ዳግመኛም አላነሳብህም።

አንድ ነገር ብቻ ላጫውትህ። ትናንት ከአባዬ ጋር በቪዲዮ ስናወራ ስልኩን ይዞ ወደ ጓሮ ዕቃ ቤቱ ገባ። ጋሼ፣ ጣሪያ ድረስ አሮጌ የስፌት መኪና ነው! ሰዎች አዲስ ሲገዙ ጥለውበት የሄዱትን። «ለምን ለብረት አትሸጠውም?» አልኩት። «ይድናሉ እኮ» አለኝ። «ታዲያ አድናቸው» ስለው፣ «እኔ መክፈት እንጂ መግጠም መቼ ችዬ አውቃለሁ» ብሎ ስልኩን ወደ ጣሪያው አዞረው። ፊቱን እንዳላይ ነው።

ቦቢን


ሰኔ 9

ለቦቢን፣

እንዴት ከረምሽ? አንቺ ተንኮለኛ! «አላነሳብህም» ብለሽ ዕቃ ቤት ሙሉ መኪና ልቤ ላይ ጭነሽብኝ ሄድሽ። እንቅልፍ ነሳሽኝ።

ሄድኩ። መኪኖቹን ለማየት ነው የሄድኩት፤ ይሄ ይታወቅልኝ። በሩ መስታወት ነው፤ ስቀርብ ራሱ ተከፈተልኝ። አባትሽ መነጽሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ አዲስ መኪና ላይ ክር ሊያስገባ ይታገላል። አልገባለትም፤ ድሮም የመርፌ ቀዳዳ አያይም።

«መጣህ?» አለኝ።

«መጣሁ።»

«እዚህ ደረጃ የለም፤ ለጉልበትህ ጥሩ ነው።»

«ስለ ጉልበቴ ማን ነገረህ?» ስለው እንደገና ወደ መርፌው ጎንበስ አለ። አንቺ ወሬኛ።

ክሩን ተቀብዬ አስገባሁለት። ከዚያ በሆዴ የያዝኩትን አወጣሁት። «ተዘግቷል ያልከው እኔን ነው?»

«የጥገና ክፍሉን ነው ያልኩት።»

«ሰው የሚያነበው እኔን ነው።»

«ክፍሉ እኮ አንተው ነበርክ» አለኝ፣ ዓይኑን ከመርፌው ሳያነሳ። «አንተ ስትሄድ ምን ብዬ ልጻፍ?»

አንቺዬ፣ ለስድብ ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት፤ ለዚህ አልተዘጋጀሁም። «እስኪ መኪኖቹን አሳየኝ» አልኩት።

ዕቃ ቤቱ ውስጥ ካርቶን ላይ ተቀመጥኩና አንዱን ሳብኩ። አቧራ ብቻ ነው እንጂ ምንም አልሆነም! ሽፋኑን ልፈታ እጄን ስዘረጋ ካቻቢቴውን መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ፤ አልጠየቅኩትም። ትንሿን ነበር የምፈልገው፤ የሰጠኝም ትንሿን ነው። ሳናወራ ሁለት መኪና አስነሳን። ስለዚያች ሴትዮ እኔም አላነሳሁ፤ እሱም አላነሳ። ልወጣ ስል ግን «ልጆቿ ርቧቸው ነበር» አለኝ። «አውቃለሁ» አልኩት። እውነትም አውቅ ነበር፤ ያን ቀንም አውቅ ነበር። ያንገበገበኝ ግን እሱ ሳይጠብቀኝ መቅረቱ ነው።

ከዚያ በኋላ ነው «እንግዲህ ያን ሊንክ የሚሉትን አድርግልኝ» ያልኩት። «ልጅቷ የላከችልኝ ቃል አለ» አለና መነጽሩን ዓይኑ ላይ አደረገ፤ «ግን እኔ በራሴ እጽፈዋለሁ።» በአንድ ጣት ለቅሞ ለቅሞ ጻፈ። የእኔን መነጽር ረስቼው ስለሄድኩ አላነበብኩትም፤ ልጠይቀውም አፈርኩ። ምን ብሎ እንደጻፈ ንገሪኝ።

አጎትሽ


ሰኔ 27

ውድ ጋሼ፣

ጤና ላንተ፣ ጤና ለጉልበትህ! ቢሮ ውስጥ ተነስቼ አጨበጨብኩ፤ አሁንስ ይቺ ልጅ ለየላት ሳይሉኝ አይቀሩም።

የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሦስተኛ ነህ! ሦስተኛ! ከአንተ በላይ ያሉት አንድ መለዋወጫ አስመጪና የአባዬ ገጽ ናቸው። «ተዘግቷል» የምትለዋ ጠፍታለች። እሱ የጻፈው ይኸውልህ፦ «አሮጌ መኪና ያላችሁ እንዳትጥሉት። ወንድሜ ይሠራዋል።»

አንድ ችግር ብቻ አለ። ሊንኩን የጫነው «ወንድሜ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። በእኛ ሥራ ሊንክ የሚቀመጥበት ቃል ብዙ ለውጥ ያመጣል፤ ከኋላው ምን እንዳለ ለፍለጋው የሚነግረው እሱ ነው። «ወንድሜ» ብሎ የስፌት መኪና ጠጋኝ የሚፈልግ ሰው በዓለም ላይ የለም ጋሼ! ለአባዬ ልደውልና ወደ «የስፌት መኪና ጥገና» ያዙረው። አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ከአስመጪው በላይ ትወጣለህ። ልደውል?

ቦቢንህ


ሐምሌ 2

ለእኔ ቦቢን፣

ዕድሜሽ ይርዘም። ልጄን ነግሬያታለሁ፤ አልመጣም። ስድስት መኪና ተደርድሮ ይጠብቀኛል፤ የተቀባውን ክፍል ለዕቃ ታድርገው። ትንሽ አኮረፈች፤ በማግስቱ የራሷን የስፌት መኪና ጠግንልኝ ብላ በባሏ ላከች።

እንዳትደውዪ። ለአስመጪው ይመቸው፤ ሦስተኛ ሆኜ እኖራለሁ። ያቺን ቃል የነካ ከእኔ ጋር ይጣላል፤ አንቺም ብትሆኚ።

ደብዳቤሽን እንደጨረስኩ መነጽሬን ወልውዬ የእሱን ገጽ በስልኬ ከፈትኩ። አገኘኋት። ትንሽ ናት፤ ሰማያዊ ናት፤ ከሥሯ መስመር አላት። ብዙ ዓመት ከአፉ ሰምቻት አላውቅም፤ እኔም ብሆን ከአፌ አውጥቻት አላውቅም። በጣቴ ነካኋት። የእኔ ቤት ተከፈተ።

አጎትሽ